በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የወጣች ፀሐይ

በገዛ ካሜራዬ ያነሳሁትን ፎቶ «ከሌላ ሰው ሰርቆ ነው ያመጣው» ተባልኩ። የተባልኩት በሹክሹክታ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ባለ የፎቶ ውድድር ግሩፕ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ተለጥፎ፣ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያነብ ተደርጎ ነው። «የሌላ ሰው ሥራ የራሳቸው አስመስለው ያቀረቡ» ይልና ከሥሩ ስሜ አለ፤ ከነአባቴ። እኔ ስሜን ማንበብ የቻልኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ያን ያህል ደክሜ የተማርኩትን ስም፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተጽፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እዚያ ነው።

ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማዶ፣ አንድ ወንበርና አንድ ነጭ መጋረጃ ብቻ የሚይዝ ክፍል ነበረኝ። መታወቂያ የሚያወጣው፣ መንጃ ፈቃድ የሚያሳድሰው፣ ሥራ የሚያመለክተው ሁሉ መጀመሪያ እኔ ፊት ይቀመጣል። የዚህ ሥራ ሕጉ አጭር ነው፤ ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ሁለቱም ጆሮህ ይታይ። ጆሮው ያልታየ ሰው ከወረዳው መስኮት ይመለሳል፤ ሲመለስ የሚሰድበው ደግሞ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠውን ሳይሆን እኔን ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት የሰው ጆሮ ሳይ ኖርኩ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የፎቶ ፖስታው ላይ ስሙን የሚጽፈው ደንበኛው ራሱ ነበር፤ ሊወስድ ሲመጣ ግን ፈልጌ የማገኝለት በስሙ ሳይሆን በጆሮው ነው። የአንዱ ወደ ፊት የቆመ ነው፣ የአንዷ ጫፉ ጉንጯ ላይ የተለጠፈ ነው። አንድም ቀን የአንዱን ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። የተሳሳትኩት ማንበብ ተምሬ በስም መፈለግ ስጀምር ነው። ሁለት ሰዎች አቀያየርኩ፤ ስማቸው አንድ ነበር።

ደንበኛዬ ሲሞትም ቤተሰቡ የሚሮጠው ወደ እኔ ነው። ጉርዱን አሳድጌ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰጣለሁ፤ ለቅሶ ቤት ይቆማል፣ ወይ እህቶቹ ደረታቸው ላይ ይዘው ያለቅሱበታል። ዳኞቼ እነሱ ነበሩ። አይተው «ወይኔ፣ ራሱን!» ብለው ከጮኹ ሥራው ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ አስተያየት የሰጠኝ አልነበረም። ማለቴ፣ ያነሳሁት ሰው ሁሉ የሚያየው ራሱን ነው፤ ሥራዬን ያየ የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ባምቢስ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሊነሳ መጣ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ፎቶዎች ቆሞ ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እጅ አለዎት» አለኝ።

«ሁለት አሉኝ። ቀና በል።»

«የምሬን ነው። ግን ማለቴ… ኮምፖዚሽን ላይ ትንሽ ይቀራል። እኛ ግሩፕ አለን፣ አድሚኑ እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ውድድር አለ። ፎቶ ይልካሉ፣ ሰው ኮመንት ይሰጥዎታል፣ በዚያው ይማራሉ። በሦስት በአራት ወር ሌላ ሰው ነው የሚሆኑት።»

«አሁን ያለሁት ምን ሆነ?»

ሳቀ። ጥርሱ እየታየ አነሳሁት። ከመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና አነሳሁት። ስልኬን ተቀብሎ ግሩፑ ውስጥ ያስገባኝ በዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። ለምን እሺ አልኩ? «እጅ አለዎት» ስላለኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ይሸነፋል።

መጀመሪያ የላክሁት የአንድ ዘበኛ ፎቶ ነበር። ቆቡ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ ወደ ፊት፣ ጆሮው ሁለቱም በቦታው። «ብሮ፣ መታወቂያ ልታወጣለት ነው?» አለኝ አንዱ። ሌላው ቀጠለና «ብሮ፣ ማህተሙ ቀርቷል» አለ። ብሮ የሚሉኝ የልጆቼ እኩዮች ናቸው። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ አንዱን ስድብ አንብቤ እስክጨርስ ሦስት ሌላ ይደርሳል።

ቢሆንም ተማርኩ። ሰውን መሐል ማቆም ነውር መሆኑን ተማርኩ፤ ወደ ጥግ ይገፋል። ወደ ካሜራው ማየት የለበትም፤ አንዳች የጠፋበት ይመስል ሩቅ ያያል። ግማሽ ፊቱ ይጨልም። ከኋላው ያለው ሁሉ ይደብዝዝ። ጆሮማ ጭራሽ አያስፈልግም። ሰውየው ሽማግሌ ከሆነ፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ ኮቱም ትንሽ ከተቀደደ በቃ፣ የልብ ምልክት ያዘንቡበታል። እኔም እንዲዘንብልኝ ቂርቆስ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ጡረተኛ መምህር አነሳሁ። አስፈቅጄው ነው ያነሳሁት፤ ጥግ ላይ፣ ግማሽ ፊቱን አጨልሜ። «ርዕስ ስጠው ብሮ፣ ‹የተረሳ› በለው» አሉኝ። አልኩት። ልቡ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ክራቫት አስሮ ሱቄ መጣ።

«ልጄ ስልክ ላይ አሳየኝ» አለ። «ማን ነው የረሳኝ?»

በነፃ ጉርድ አነሳሁት። መሐል ላይ።

ትምህርቱ ሱቄ ውስጥም ተከትሎኝ ገባ። አንዲት ሴት መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ መጥታ፣ እጄ ሳያማክረኝ መብራቱን ወደ አንድ ጎን አዞረው። ፎቶዋን ይዛ ሄዳ ወዲያው ተመለሰች። «አንዱን ዓይኔን ምን አደረግከው?» አለችኝ። ግሩፑ ግን «ዕድገትህ ይታያል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገሬ በደንብ አድጓል፤ ንባቤ። የማታ ትምህርት ሁለት ዓመት ለፍቶ ያላፈጠነውን ንባብ ግሩፑ በአራት ወር አፈጠነው። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈ ስድብ ሲሆን ፊደል አይዘልም።

ጥቅምት ላይ ካዛንቺስ ለልማት ተነሳ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሄደ፤ እኔም መጋረጃዬን ጠቅልዬ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ከሚሠራበት ቤት ጥግ ተከራየሁ። ዕቃ ስጠቀልል መሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ሚሞሪ አገኘሁ። ውስጡ የጎረቤቴ ፎቶ ነበር።

ጎረቤቴ ልብስ ተኳሽ ናት። ከሱቄ አጠገብ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ በከሰል ካውያ የቢሮ ሠራተኞችን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ፎቶው ላይ ከሥራዋ ቀና ብላ በቀጥታ ታየኛለች፤ በጠዋት ፀሐይ፣ ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ አስራ፣ ቅንድቧን ሰብስባ። ከእጇ ሥር ቀጭን ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። የሳምንቱ ርዕስ «ሰውና ሥራው» ነበረ። ላክሁት።

እንደዚያ ያለ ነገር ግሩፑ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ብሮ መባሉ ቀረ፤ «ጋሼ» አሉኝ። «ጭሱ የሚሰጠው ድባብ!» አለ አንዱ። «ጭሱን እንዴት አቀናበሩት?» አለች ሌላዋ። ለመጨረሻው ዙር አለፍኩ። ለመጨረሻው ዙር ያለፈ ሰው ደግሞ ከካሜራ የወጣውን ፋይል እንዳለ መላክ አለበት፤ ደንባቸው ነው። ላክሁ። በማግሥቱ ያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ማስታወቂያ ወጣ።

ጣቴ ለጭቅጭቅ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ለአድሚኑ ደወልኩለትና እንገናኝ አልኩት። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ባምቢስ» ብሎ ከቢሮው ሥር ያለ ካፌ ነገረኝ። በሦስት ሰዓት ተገኘሁ። እሱም በሦስት ሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ወረደ።

«ጋሼ፣ ለእኔም ከብዶኛል» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ግን ፋይሉ ራሱ ነው የሚናገረው።»

«ምን አለ?»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ይኸው። የተነሳበት ዓመት 2010 ይላል። ይሄ ካሜራ ደግሞ ገበያ ላይ የወጣው በ2013 ነው። ገና ባልተሠራ ካሜራ ፎቶ ይነሳል? ሰዓቱንም ይዩት፣ ሦስት ከሃያ ኤኤም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ማለት ነው። ፎቶው ላይ ግን ፀሐይ አለች። ሰው ፋይል ነካክቶ ሲያጭበረብር እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አነበብኩ። እውነት ነው፣ እንዳለው ይላል።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ስልኩን አየ። «ሦስት ከሩብ።»

«ታዲያ ጨለማው የት አለ?»

አልገባውም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ዘንድሮስ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«እናትህ ስትጠይቅህ ምን ትላታለህ?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት።»

«እኔም ካሜራው ሲጠይቀኝ እንደዚያው ነው የነገርኩት።»

ካሜራውን የገዛሁት ማንበብ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሲከፈት ቀኑን ጠየቀኝ፤ ቀኑን ሞላሁ። ሰዓቱን ጠየቀኝ፤ ሰዓቱን ሞላሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላሁት ፎርም እሱ ነው። እንግዲህ ሌላ ምን ልሞላለት ነበር? ጳጉሜን አልቀበልም ይላል፣ አንዳንዱን ወር ደግሞ እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል፤ እኔም በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን እየከፈትኩ ወደ ልቡ እመልሰዋለሁ። ከሱቄ ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ ቀኑን ጠብቄ የያዝኩት የለም። ሐሰተኛ ያደረገኝም እሱ ሆነ።

አድሚኑ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ቢሮው ሲገባና ሲወጣ፣ ለምሳ ሲቀጣጠር፣ ታክሲ ሲጠብቅ የሚቆጥረው እንደ እኔ ነው። ላፕቶፕ ሲከፍት ግን ፈረንጅ ሆኖ ያነባል፤ ከአራቱ አድሚኖች አንዱንም ትዝ አላለውም።

«እሺ፣ ተሳስተናል» አለና ሳቁ አለቀ። «ግን ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ያስጠረጠረን ቀኑ አይደለም። ቀኑን ያየነው ከተጠራጠርን በኋላ ነው። ባለፉት አራት ወራት የላኳቸውን ፎቶዎች ሁሉ ጎን ለጎን ደረደርናቸው። እንዴት ልበልዎት… የእነዚያ ባለቤት ይሄን አያነሳም።»

«ይሄን ያነሳሁት እናንተ ጋ ከመግባቴ በፊት ነው።»

«ማለት፣ በፊት ይሻሉ ነበር ነው የሚሉኝ?»

«እኔ አላልኩም። የደረደርከው አንተ ነህ።»

ላፕቶፑን በዝግታ ከደነው። ያኔ ገባኝ። እኔን ሌባ ካላለ፣ ግሩፑን አበላሽ ማለት ሊኖርበት ነው። ከሁለቱ የሚቀለው እኔ ነበርኩ። «ከአድሚኖቹ ጋር ልነጋገርበት» ብሎ ተነሳ።

ተነጋገሩ። የደረሱበት ውሳኔ «ለግልጽነት ሲባል» ነገሩ ለድምፅ ይቅረብ የሚል ነው። «ፎቶውን ያነሱት እሳቸው ናቸው ብላችሁ ታምናላችሁ?» ይላል፤ ከሥሩ አዎ፣ አይ፣ አስተያየት የለኝም። እኔም ድምፅ ሰጠሁ፣ አዎ ብዬ። ተሸነፍኩ። የገዛ ፎቶዬን በምርጫ አጣሁ። ማስታወቂያውም እንደተለጠፈ ቀረ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መስቀል ፍላወር ላይ ስለ እኔ ምን እንደሚወራ የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው። ካዛንቺስ ቢሆን ሃያ ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ነበር የሚያልፈው። እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ ስለ እኔ የሚያውቁት ስልካቸው የነገራቸውን ነው። አንዲት ልጅ ጉርድ ተነስታ ፎቶውን ከተቀበለች በኋላ ከወንበሩ አልነሳም አለች። «አሁን እዚሁ ካሜራዎት ላይ ያጥፉልኝ» አለችኝ። «ለምን?» ስላት ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። «የሰው ፎቶ ወስደው ይለጥፋሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።» እያየችኝ አጠፋሁት። የሰው ፊት የሚያስቀምጥ ሰው ካልታመነ ምን ሥራ አለው? ያን ቀን ለአድሚኑ ደወልኩ።

«ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ አልሞተችም» አልኩት። «ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልጇ ዘንድ ነው ያለችው። ቅዳሜ ትመጣለህ። ካልመጣህ እኔ ቢሮህ ድረስ ይዣት እመጣለሁ፤ ስትቆጣ ደግሞ ድምጿ አራተኛ ፎቅ ይሰማል።»

መጣ። እሷም አራተኛ ፎቅ ነው ያለችው፤ እዚያ የከሰል ካውያ ስለማይቻል በኤሌክትሪክ እየተኮሰች አገኘናት። ነገሩን በስልክ ነግሬያት ነበር። ለእኔ ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ነህ ይሄን ሌባ ያልከው?»

«እማማ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አድሚኖቹ ተወያይተን…»

«ይሄ ሰው ስንት ነገር ነው። ምላሱ ክፉ ነው፣ ለሰው ሰላምታ አይሰጥም፣ እድር ላይ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሌባ ግን አይደለም። እስቲ ያን ፎቶ አሳየኝ።»

ስልኩን ሰጣት። ከዓይኗ አርቃ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አይ አንተ!» አለችኝ። «ይሄ የዚያን ቀኑ ነው! ያ የሒሳብ ሹሙ ሸሚዝ!»

«የምን ሸሚዝ?» አለ አድሚኑ።

«እኔ አጎንብሼ እሠራለሁ፣ ይሄ ከሱቁ ወጥቶ ‹እትዬ ቀና በይ፣ ጆሮሽ አይታይም› እያለ ይጮህብኛል። ልሰድበው ቀና ስል ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳሁት። ይኸው ሲጨስ አታይም? ኮሌታው ነው የሚነደው። ሰውየው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አላናገረኝም።»

አድሚኑ ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋው። ግሩፑ ሁሉ «ድባብ» ያለለት ጭስ፣ ከካውያው ጫፍ ሥር ከምታየው ቡናማ ነጥብ ነው የሚወጣው። ነጥቡን እስከዚያ ቀን ያየው ሰው አልነበረም። እኔ የማውቀው በቦታው ስለነበርኩ ነው፤ እሷ የምታውቀው ስለከፈለችበት። አድሚኑ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«በቃ፣ አመንኩ» አለ በመጨረሻ። «ግን ጋሼ፣ እዚህ ከመጣን አይቀር… እስቲ አሁን ያንሷቸው። ለራሴ ማየት ፈልጌ ነው።»

ካሜራዬን አወጣሁ። እትዬ ካውያዋን ይዛ ቆመች። ሳላስበው በረንዳው በኩል ያለውን ብርሃን ፈለግሁ፤ ሳላስበው ወደ ጥግ ገፋኋት፤ «ወደዚያ፣ ወደ መስኮቱ እይ» አልኳት።

«ለምን? መስኮቱ ጋ ማን አለ?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

«ተጣላን እንዴ? ምን አድርጌህ ነው ፊቴን የምታዞረኝ?»

አነሳሁ። አሳየኋት። ጥግ ላይ አንዲት ግማሽ ፊቷ የጨለመ፣ ጆሮ የሌላት፣ ሩቅ የምታይ አሮጊት ነበረች።

«ይህቺ የሞተች ናት» አለች። «ለለቅሶዬ ከሆነም ሰው አታስለቅስበትም። ማንም አያውቀኝም።»

እንደገና ሞከርኩ። መሐል አደረግኋት፣ ቀና በይ አልኳት፣ ጆሮዋን አየሁ። ደግማ ደጋግማ ቀና አለች። አልመጣም። እጄ ያወቀውን ነገር ሌላ ሰው በጆሮዬ ሹክ እያለ የሚያስተጓጉለው ይመስለኝ ነበር፤ መሐል አይሆንም፣ ይጨልም፣ ይደብዝዝ። ካሜራውን አወረድኩት።

አድሚኑ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ነበር። ጣቱን የመጀመሪያው ላይ፣ የሞተችው ላይ አደረገ።

«ይሄኛው ግን ደስ ይላል» አለ። «የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ‹ትዝታ› ነው። ይላኩት።»

እትዬ ካውያዋን ሰካችና ሥራዋን ቀጠለች።

ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች አንዳንዴ «እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ መግባት ያሻሽላል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ያሻሽላል እላቸዋለሁ፤ ግሩፑ የሚወደውን ማንሳት ያሻሽላል። ከዚያ በፊት ምንም የማታውቅ ከሆንክ ትርፍ ነው። የምታውቀው ነገር ካለህ ግን እሱን እዚያ ይዘህ አትግባ፤ ወይ ስትገባ የት እንዳስቀመጥከው ምልክት አድርግ። እኔ አላደረግሁም። ከዚያ ወዲህ ምንም አልላክሁም። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ራሴን በመስታወት ፊት አስቀምጣለሁ፤ ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህ ይታይ። አነሳለሁ፣ አያለሁ፣ አጠፋለሁ። ጥቂት ጥቂት እየተመለሰ ነው፤ ሁሉም ግን አልተመለሰም።

ማስታወቂያው ቅዳሜውን አልተነሳም፣ እሑድም አልተነሳም። አድሚኖቹ ስለ ቃላቱ ይወያያሉ ተባልኩ። ይቅርታ የሚል ቃል ይግባ አይግባ ነበር ውይይቱ። አልገባም። ከሳምንት በኋላ የድሮው ተነስቶ በቦታው አንድ መስመር ተተካ፤ «ማጣራት ተደርጎ የፎቶው ባለቤት እሳቸው መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ውድድሩ ግን አስቀድሞ በመጠናቀቁ ውጤቱ አይለወጥም» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ፤ የአባቴን ስም በአንድ ፊደል ስተውታል። ጣቴን ሳልጠቀም አነበብኩት። ይህ የሆነው ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ነው።